ግሪኮችን ሳስታጥቅ

ሥራህ ምን ነበር ለሚለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው፤ ከሞቱ ሁለት ሺህ ዓመት ያለፋቸውን የግሪክ ወታደሮች ሳስታጥቅ ኖርኩ።

ኦስሎ፣ ትቬይታ ገበያ ማዕከል ውስጥ፣ ከመድኃኒት ቤቱ ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ እኛ ጡረተኞች ጠዋት ጠዋት እንሰየማለን። ወዳጄ ከበደ አውቶቡስ ሲነዳ ነው የኖረው። ሰው ባየ ቁጥር "ይህንን ከተማ በቀን ስድስት ጊዜ እዞረው ነበር" ይላል። ቀጥሎ ወደ እኔ ይዞራል።

"አንተስ ይማም?"

"እኔ ግሪኮችን አስታጥቄያለሁ።"

"አሸነፉ?"

"እስከ ማታ አራት ሰዓት ድረስ። ከዚያ ልብሳቸውን ቀይረው በቲባነ፣ በከተማው ባቡር፣ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ።"

እንግዳ ሰው ካለ ይህ ሽማግሌ ነካ አድርጎታል ብሎ ያዝንልኛል። ከበደ ግን ሥራዬን ያውቃል፤ ኦስሎ መሃል ባለ አንድ ቴአትር ቤት ምድር ቤት ውስጥ ቆዳ ሰፊ ነበርኩ። የንጉሥ ቀበቶ፣ የሰይፍ አፎት፣ የፈረስ ልጓም፣ የጋሻ ማንገቻ ሠርቻለሁ። ጡረታ የወጣሁት ባለፈው ጸደይ ነው። ኬክ ተቆረሰ፣ አለቃው ስሜን በትክክል ጠራው፣ ወረቀት ፈረምኩ፣ አለቀ። ቤት በተቀመጥኩ በሁለተኛው ወር ባለቤቴ ዘይነባ ይህንን ደብተር ገዝታ ፊት ለፊቴ አስቀመጠችው። "በቤቱ ያለውን ቀበቶ ሁሉ ሰፍተህ ጨረስክ፤ የልጅህን ቦርሳ ሁለት ጊዜ ፈትተህ ሁለት ጊዜ ሰፋኸው። አሁን ደግሞ እባክህ ጻፍ" አለችኝ። ስለዚህ የምጽፈው ጥሪ ተሰምቶኝ አይደለም፤ ቦርሳውን ለማዳን ነው።

ቆዳን የለመድኩት አዲስ አበባ፣ ጫማ ፋብሪካ ውስጥ ነው። የወታደር ቡትስ እንሰፋ ነበር። በእኛ አገር ቆዳ የነካ እጅ ምን ስም እንደሚወጣለት የሚያውቅ ያውቀዋል። ዘይነባን ልጠይቅ ደሴ ስሄድ፣ አባቷ ትልቅ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩና፣ ሽማግሌዎቼን "ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል በሉ፤ የምን ፋብሪካ ካላሉ ዝም በሉ" ብዬ መከርኳቸው። አላሉም። ሽማግሌዎቼም ዝም አሉ። በዚያ ዝምታ ላይ ትዳር ሠራሁ፤ አልፈረሰም፣ ግን ከሥር አንድ ድንጋይ እንደጎደለው አውቅ ነበር።

ኦስሎ ስደተኛ ሆኜ ስመጣ ቋንቋ ተማርኩ፣ ኮሙኑ፣ ማለትም የከተማው አስተዳደር፣ ፉሩሴት ሠፈር ቤት ሰጠን፣ የመጀመሪያ ሥራዬ ያንኑ ቴአትር ቤት ማጽዳት ሆነ። የጽዳት አለቃችን የመጥረጊያዎቹ እንጨት በቁመት በቁመት ካልተደረደረ ምሳ የማይወርድለት ሰው ነበር። እኔ ሆን ብዬ አንዱን አጭር ከረጃጅሞቹ መሃል አቆመው ነበር። እስከ ዛሬ ማን እንደሆነ አላወቀም። ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ግን ብዙም አልጸጸትም።

ምድር ቤቱን ሳጸዳ አንድ ክፍል ነበረ፤ በሩ ሲከፈት የቆዳና የሰም ሽታ ይወጣል። የዚያ ክፍል እመቤት ቶርዲስ ትባላለች። በዕድሜ ከእኔ አሥር ዓመት ትበልጣለች። በአማርኛ አንቱ ማለት ነበረብኝ፤ ኖርዌይ ውስጥ ግን አንቱታ የለምና "እሳቸው" ብዬ ብጽፍላት፣ ጡረታ ወጥታ ከገባችበት ደሴት ሆና ትስቅብኛለች። ቶርዲስ በየቀኑ ልክ አምስት ሰዓት ሲሆን በእጇ ያለውን ጥላ ትወጣለች፤ በወረቀት የጠቀለለችውን ዳቦዋን ግቢው ውስጥ፣ በረዶም ቢሆን ቆማ ትበላለች። አንድ ቀን ስገባ ጠረጴዛው ላይ ግማሹ የተሰፋ ቀበቶ አለ። ሁለቱ መርፌዎች ተሰክተው ቆመዋል። እጄን ሰይጣን ያዘው። ሰም የተቀባውን ክር አንስቼ ሰፋሁ።

ስትመለስ መጥረጊያዬን ይዤ እንደ ንጹሕ ሰው ቆሜያለሁ። ቀበቶውን አንስታ ዓይኗን ጨፈነች፤ በአውራ ጣቷ ስፌቱን ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰች።

"እነዚህን ስድስቱን ማን ሰፋቸው?" አለች።

"እኔ።"

"ሰባተኛውስ?"

"መጣሽብኝ።"

አልሳቀችም። መርፌዎቹን አቀበለችኝ። በወሩ በቢሮዎች በኩል ወረቀት ተጻጽፎ "ፕራክሲስ" በሚሉት የሙከራ ሥራ ወደ ክፍሏ ተዛወርኩ፤ በዚያው ቀረሁ።

አሁን ስለ ስፌቱ ትንሽ ልናገር። የእኛ ስፌት በአንድ ክር ሁለት መርፌ ነው። በወስፌ ቀዳዳ ትበሳለህ፤ በዚያችው ቀዳዳ አንዱ መርፌ ከቀኝ፣ ሌላው ከግራ ያልፋል፤ እኩል ትስባለህ። ከፊት ያለው ክር ቢበጠስ ከኋላ ያለው ይይዛል። መኪና እንዲህ አይሰፋም። ቶርዲስ ስትስብ አፏን ጠበቅ ታደርጋለች፤ እኔ ምላሴን አወጣለሁ። በዚያ ቤት በኖርኩበት ዘመን ሁሉ "ጥሩ ነው" ብላኝ አታውቅም። ጥሩ ሲሆን "ይህ ይቆያል" ትላለች። እሱንም በዓመት ሁለቴ ነው።

ከሁሉ ልማዷ የሚበልጠው ግን መንጠልጠሏ ነው። ከጣሪያው ብረት ላይ ትልቅ ሜንጦ፣ የብረት መንጠቆ፣ አለ። ሰው ክብደቱን የሚጥልበት ማንኛውም ጠፍር ተሰፍቶ ሲያልቅ፣ የሰፋው ሰው ራሱ ያንን ጠፍር ሜንጦው ላይ አስገብቶ፣ በሁለት እጁ ይዞ፣ እግሩን ከመሬት አንስቶ ይንጠለጠላል። እስከ ሠላሳ ይቆጥራል። ጠፍሩ ከቻለው ጫፉ ላይ ቀይ ክር ይታሰራል። ቀይ ክር ማለት "ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ሕይወቴን አምኜ ጥዬበታለሁ" ማለት ነው። ቶርዲስ ስድሳ ዓመት አልፏት፣ እንደ ተሰጣ ልብስ ተንጠልጥላ ሠላሳ ስትቆጥር ያየ ሰው ወይ ይስቃል ወይ ያከብራል። እኔ መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ስለዚህ መጀመሪያ ያንጠለጠለችው እኔን ነው። ያን ጊዜ ቀጭን ነበርኩ። ሆዴ ሲመጣ ፈተናው እየከበደ ሄደ፤ "ጠፍሮችህ ከዓመት ዓመት እየጠነከሩ ነው" ትለኝ ነበር ሆዴን እያየች።

ስህተት ሠርቼ አላውቅም አልልም። አንዴ ለአንድ የጥንት ኖርዌጃዊ ጦረኛ የሰይፍ አፎት አጥብቄ ሰፋሁለት። መድረክ ላይ ሰይፉን ቢስብ፣ ቢስብ፣ እምቢ አለው። መጨረሻ ጠላቱን ከነአፎቱ ገደለው። ያ ግን የሳቅ ስህተት ነው። አሁን የምጽፈው የሌላውን ነው።

ቴአትር ቤቱ ስለ ጥንት ግሪኮች ጦርነት አዲስ ድርሰት አዘጋጀ። ታሪኩ የአንድ ቀን ነው። በአንድ መንደር ሁለት ገበሬዎች ይጣላሉ፤ የአንደኛው ፍየሎች የሌላውን የወይራ ችግኝ ግጠው ጨርሰዋል። ፍርድ ሳይሰጥ ጠላት መጣ ተባለ። መንደሩ ጋሻውን ከግድግዳ አውርዶ ወጣ። በሰልፉ ላይ ዕጣ ሆኖ ባለ ወይራውና ባለ ፍየሉ ጎን ለጎን ቆሙ። ይህን ስሰማ "ወሎ ነው እንጂ የምን ግሪክ ነው!" ብያለሁ።

ነገሩ ግን ያለው ጋሻው ላይ ነው። የእኛ አገር ጋሻ ትንሽና ቀላል ነው፤ ይዘኸው ትዘላለህ፣ ትዞራለህ፣ የምታድነው ራስህን ነው። የግሪኩ ሰፊ ክብ ነው፤ እንጨቱ እንደ ገበቴ የጎደጎደ፣ ፊቱ ስስ ነሐስ የለበሰ። መሃሉ ላይ ሰፊ የቆዳ ማንገቻ አለ፤ ግራ ክንድህን እስከ ክርንህ ታስገባበታለህ። ከጠርዙ ላይ ደግሞ መጨበጫ አለ። እንዲህ ስትይዘው ግማሹ ጋሻ አንተን ይሸፍናል፤ ግማሹ ወደ ግራህ ይወጣና የጎረቤትህን ቀኝ ጎን ይሸፍናል። የአንተን ቀኝ ጎን ደግሞ በቀኝህ የቆመው ይሸፍንልሃል። የመስመሩ የመጨረሻ ቀኝ ላይ የቆመ ሰው ግን ቀኙ ባዶ ነው።

ቶርዲስ የመጀመሪያውን ጋሻ ክንዴ ላይ አድርጋ "ሰው ሲፈራ ምን ያደርጋል?" አለችኝ።

"ይሮጣል።"

"ከመሮጡ በፊት?"

ክንዴን ይዛ ጋሻውን ወደ ደረቴ ሳበችው። "ወደ ራሱ ይሰበስበዋል። ያን ጊዜ በግራው ያለው ሰው ይሞታል።"

በድርሰቱ ባለ ወይራው የመስመሩ ቀኝ ጫፍ ላይ ነው የሚቆመው። ባለ ፍየሉ በግራው። ተመልካቹ የሚጠብቀው አንድ ነገር ነው፤ ጦሩ ሲመጣ ባለ ወይራው ጋሻውን በጠላቱ ላይ ይዘረጋዋል ወይስ ወደ ራሱ ይሰበስባል? ባለ ፍየሉን የሚጫወተው ሄንሪክ የሚባል ቀጭን፣ ቀልደኛ ሰው ነበር፤ ባየኝ ቁጥር "ሜእእ" እያለ የሚያልፍ።

ሁለቱን ወገን ለማስታጠቅ አሥራ ስድስት ጋሻ ያስፈልጋል። ማንገቻዎቹን በሙሉ እኔ ያዝኩ። አሥራ አምስቱን ሰፋሁ፣ አሥራ አምስት ጊዜ ተንጠለጠልኩ፣ አሥራ አምስት ቀይ ክር አሰርኩ።

በዚህ መሃል የዘይነባ እናት፣ እማማ ፋጡማ፣ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከደሴ መጡ። እኔ በስልክ ለዓመታት ምን ስል እንደኖርኩ ልንገራችሁ። "ቴአትር ቤት" ብል አዝማሪ ሆነ ይላሉ ብዬ ፈራሁ። "ቆዳ" ማለትማ አይታሰብም። ስለዚህ "የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነኝ" ብያቸዋለሁ። ውሸት አይደለም። ጦሩ የላስቲክ ጫፍ አለው እንጂ ጦር ነው።

እማማ በመጡ በሳምንታቸው "ግምጃ ቤትህን አሳየኝ" አሉ። ዘይነባ እየሳቀች አመጣቻቸው። እኔ ነጭ ሸሚዝ ለብሼ ነበር የዋልኩት። ልክ ሲገቡ አሥራ ስድስተኛውን ማንገቻ ሰፍቼ ጨርሼ ሜንጦው ሥር ቆሜያለሁ። ቶርዲስ ላይ ቤት ስብሰባ ነበረች።

እማማ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ጋሻዎቹን፣ የራስ ቁሮቹን፣ ጦሮቹን ቀስ ብለው አዩ።

"ይህ ሁሉ በእጅህ ነው?"

"በእኔ ኃላፊነት ሥር ነው እማማ።"

"ማሻ አላህ። ጠባቂ የለውም?"

"እኔው ነኝ።"

በእጄ ማንገቻው አለ። በላዬ ሜንጦው አለ። እስቲ አስቡት፤ ለአማቴ "ይቅርታ አንዴ" ብዬ፣ ከነነጭ ሸሚዜ፣ እንደ ዝንጀሮ ተንጠልጥዬ፣ ሆዴ ተገልጦ፣ እግሬን አጥፌ እስከ ሠላሳ ልቆጥር ነው? በእኛ ወግ አማች በአማቱ ፊት ጮክ ብሎ አይስልም። ኋላ ሲሄዱ እንጠለጠላለሁ ብዬ ማንገቻውን ጠረጴዛው ላይ ላስቀምጥ ስል፣ ጋሻዎቹን ወደ መድረክ የሚያወጡት ሠራተኞች ጋሪ እየገፉ ገቡ።

"አለቀ?" አሉኝ።

"ያ" አልኩ፣ በእነሱ ቋንቋ አዎ ማለት ነው፤ እንደ አለቃ፣ ድምፄን ወፈር አድርጌ። ቀዩን ክር አሰርኩ። ማንገቻውን ጋሻው ላይ መታሁት። ወሰዱት። እማማ "ይታዘዙልሃል" አሉ። ደረቴ ተነፋ።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ሙሉ የአልባሳት ልምምድ ነበር። ቶርዲስና እኔ ሁልጊዜ ከመድረኩ ጎን፣ ከመጋረጃው ጀርባ ቆመን እናያለን። ከበሮው ተመታ። ሁለቱ መስመሮች ተያዩ። የመንደሩ ገበሬዎች ጋሻ በጋሻ ላይ ገጥመው እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራረቡ። እግራቸው በአንድ ላይ ሲረግጥ ወለሉ በጫማዬ ውስጥ ይሰማኛል። ጠላት ጦሩን ከትከሻ በላይ አነሳ። ባለ ወይራው በግራው ያለውን ጠላቱን አየው፤ ችግኙን ያስጋጠበትን ሰው። ጋሻውን ዘረጋለት። በዚያች ቅጽበት "ጧ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቅርንጫፍ ሲሰበር እንደሚሰማው ያለ። ጋሻው ከክንዱ ወጥቶ ወለሉ ላይ እንደ ትሪ ዞረ።

ከፊት የመጣው ጦር ጋሻውን ሊመታ ነበር የመጣው። ጋሻው የለም። ሄንሪክን ቀኝ ዓይኑ ላይ አገኘው።

ላስቲክ ጫፍም ቢሆን ጦር ነው ያልኩት ለቀልድ ነበር። ሄንሪክ ተንበረከከ፤ በጣቶቹ መሃል ደም ወረደ።

አምቡላንሱ ሲሄድ ቶርዲስ ማንገቻውን አንስታ ወደ መብራት አቀረበችው። ስፌቱ አልተፈታም፤ አንድም ክር አልተበጠሰም። የተቀደደው ቆዳው ነው፤ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ፣ እንደ ወረቀት። የጀርባ ቆዳ ጠንካራ ነው፤ የሆድ ቆዳ ግን ለስላሳና ተለጣጭ ነው። ከአንድ ቆዳ ላይ ስንቆርጥ የመጨረሻው ቁራጭ ወደ ሆዱ ዘልቆ ኖሯል። በዓይን አይለይም። በዳሰሳም አሳስቶናል። ተንጠልጥዬበት ቢሆን ግን አሥር ሳልቆጥር መሬት ላይ እቀመጥ ነበር። የሚጎዳው መቀመጫዬ ብቻ ነበር።

የቴአትር ቤቱ አለቃ መጣ። ቶርዲስ ቀዩን ክር አሳየችው። "ተፈትኗል" አለች። "ሠራተኛው የሚገባውን አድርጓል። ቆዳውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሄንሪክ ዓይኑን ካጣ ቁልፉን አስረክባለሁ።"

እኔ አጠገቧ ቆሜያለሁ። አፌ አለ፣ ምላሴ አለ፣ ኖርዌጅኛ እችላለሁ። ዝም አልኩ።

ሦስት ቀን ዝም አልኩ። ሐኪሞቹ ዓይኑ ይድናል አይድንም አላሉም፤ እብጠቱ ሲወርድ እናያለን ብቻ ነው ያሉት። ቶርዲስ መሣሪያዎቿን አንድ በአንድ እየጠረገች ሳጥን ውስጥ ታስገባ ጀመር። አምስት ሰዓት ሲሆን ዳቦዋን ይዛ አልወጣችም።

በሦስተኛው ቀን ቤት እራት ቀረበ፤ አልበላ አለኝ። ዘይነባ ነገሩን አውቃለች፣ ክሩን ግን አታውቅም። እማማ ፋጡማ ትክ ብለው አዩኝ።

"ምን ሆነሃል አንተ ልጅ?"

በስድሳ ዓመቴ ደፍ ላይ ልጅ ተባልኩና መሰለኝ፣ ሁሉም ነገር ወጣ። ግምጃ ቤት የሚባል ነገር የለም እማማ አልኩ። ቆዳ ሰፊ ነኝ። አዲስ አበባም ቆዳ ሰፊ ነበርኩ። ያን ቀን እርስዎ ፊት መንጠልጠል አፍሬ፣ ያልፈተንኩትን ፈትኛለሁ ብዬ ሰው አሳወርኩ። አለቃዬ የእኔን ጥፋት ተሸክማ ልትሄድ ነው።

ዘይነባ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

"ቆዳ ነው የምትሰፋው?"

"አዎ እማማ።"

"ታዲያ ለምን አጥብቀህ አልሰፋኸውም?"

ያ ብቻ ነው። ሠላሳ ዓመት የደበቅኩት ነገር ለእሳቸው ምንም አልነበረም፤ የከፋቸው የተበላሸው ሥራ ነው። "በል ብላ" አሉ ቀጥለው፣ "ነገ ቆመህ የምትናገረው ነገር አለህ። በባዶ ሆድ ድምፅ አይወጣም።"

ጠዋት ከሁሉ ቀድሜ ገባሁ። ቶርዲስ ሳጥኗ ላይ ጎንበስ ብላለች። ሳልቀመጥ ነገርኳት። ስለ አማቴ ስነግራት የሚያስቅ ቦታ ላይ ደርሼ ነበር፤ አልሳቀችም።

"ስንት ክር ነው ሳትንጠለጠል ያሰርከው?" አለች።

"አንድ።"

"አንድ መሆኑን በምን አውቃለሁ?"

በሕይወቴ ብዙ ስድብ ሰምቻለሁ። የእሷ ጥያቄ ግን ስድብ አልነበረም፤ በእውነት መልሱን ፈልጋ ነው የጠየቀችኝ።

ወደ አለቃው አብረን ወጣን። ደግሜ ተናገርኩ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈልኝ፤ ይገባኛል። ወደ ምድር ቤት ስንመለስ ቶርዲስ መቀስ አንስታ ከአሥራ አምስቱ ጋሻ ላይ ቀዩን ክር በሙሉ ቆረጠችው። ከዚያ ሄዳ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። "ጀምር" አለች።

አሥራ አምስቱን ማንገቻ ከየጋሻው ፈታሁ፤ አሥራ አምስት ጊዜ ተንጠለጠልኩ። ተዋናዮቹ ለልምምድ ሲመጡ በበሩ አለፉ፤ አንዳንዱ ቆሞ አየ። ማንም አልሳቀም፤ ቢስቁልኝ እመርጥ ነበር። ዘጠነኛው ላይ ትከሻዬ እምቢ አለ። ቶርዲስ ጮክ ብላ እየቆጠረችልኝ ነበር፤ እኔ ስፈጥን እሷ ትዘገያለች። አሥራ ስድስተኛውን ከጀርባ ቆዳ አዲስ ቆርጬ፣ ሰፍቼ፣ ተንጠለጠልኩ። ክሮቹን ግን እንዳስር አልፈቀደችልኝም። ራሷ አሰረቻቸው። መልሳ ክሩን በእጄ ያስያዘችኝ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው።

በዚያው ቀን ከሰዓት ከሆስፒታል ተደወለ። ሄንሪክ ያያል። ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ይቀራል እንጂ ዓይኑ ድኗል። ቶርዲስ ሳጥኗን ከፍታ መሣሪያዎቿን ወደየቦታቸው መለሰች። ልጠይቀው ስሄድ በአንድ ዓይኑ አይቶኝ "ሜእእ" አለኝ። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሁሉንም ነገርኩት። "ሌላ ሰው ቢሆን ቆዳው ነው ይል ነበር" አለ። "በዝምታዬ ብዬ ነበር፤ ሦስት ቀን" አልኩት።

በሁለት ሳምንቱ ወደ ልምምድ ተመለሰ። ሌላውን ሁሉ ይችላል፤ ያችን ቦታ ግን አልቻለም። ጦሩ ሲነሳ ሁለቱም ዓይኖቹ ይዘጉና እግሩ ወደ ኋላ ይወጣል፤ መስመሩ ይፈርሳል። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አምስት ጊዜ። አዘጋጇ ወጣት ሴት ናት፤ ደግ ናት፤ ግን ቀኑ ደርሷል። ሌላ ሰው ስለመተካት ስታወራ ከመጋረጃው ጀርባ ሰማናት። ሄንሪክም ሰማ።

"አንዴ ብቻ" አላት። "ግን በቀኜ ይማም ይቁም።"

"ማን?"

"ጠፍሩን የሰፋው። እሱ ይያዘው።"

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ቶርዲስ ግን ጥሩሩን ከባለ ወይራው ላይ አውልቃ ወደ እኔ እየመጣች ነበር። ጎኖቹ አልገጠሙም፤ ሆዴ በዚህም በዚያም ወጣ። የራስ ቁሩን ደፋችብኝ፤ ዓለም በሁለት ቀዳዳ ብቻ ቀረች። ጋሻውን ክንዴ ላይ አስገባች፤ የገዛ ስፌቴ ክርኔን ያዘኝ።

መስመሩ ቀኝ ጫፍ ላይ ቆምኩ። በቀኜ ማንም የለም። አየር ብቻ ነው። ያንን ሁሉ ጋሻ ስሠራ ያ ባዶነት እንደዚያ ሰፊ መሆኑን አላውቅም ነበር። በግራዬ የሄንሪክ ትከሻ አለ። ከበሮው ተመታ። ረገጥን። ከፊት ጦሮቹ ተነሱ፤ እነዚያን ጦሮች ራሴ ነኝ የጠቀለልኳቸው፣ ላስቲኩንም ራሴ ነኝ ያሰርኩት። ሆኖም ክንዴ ሳልጠይቀው ጋሻውን ወደ ደረቴ መሳብ ጀመረ። በእውነት እነግራችኋለሁ፤ ጀመረ።

"ይማም" አለ ሄንሪክ ቀስ ብሎ።

ጥርሴን ነክሼ ወደ ግራ ገፋሁት። ጠርዙ ከእሱ ጋሻ ጋር ገጠመ። ጦሩ ነሐሱን መታው፤ ድምፁ እስከ ጥርሴ ገባ። ሌላው ጦር ባዶውን ቀኝ ጎኔን አገኘው፣ ጥሩሩ ያልደረሰበትን ቦታ፤ ትንፋሼ ወጣ። ማንገቻው ግን ያዘ። መስመሩ አልፈረሰም። አንድ እርምጃ ወደፊት ሄድን፤ ሁለተኛም።

ከበሮው ቆመ። አዘጋጇ ስታጨበጭብ ሰማሁ። ሄንሪክ የራስ ቁሩን አውልቆ፣ ጠባሳው ቀልቶ፣ እንደ ልጅ እየሳቀ ወደ እኔ ዞረ።

"አልጨፈንኩም" አለኝ። "ጦሩ ሲመጣ እስከ መጨረሻው አየሁት። አየኸው አይደል አንተም?"

"ያ" አልኩት። እኔ ግን ሁለቱንም ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።